ባለ አንድ ሳንባዎች

ስሟን የሚያውቁት እናቷና የሠራተኛ አስተዳደር ክፍሉ ብቻ ነበሩ። ለሌላው ሰው ሁሉ መብረቅ ነበረች። ስሙን ያወጣላት አንድ ተጫዋች የፍርድ ቤት መዝገብ ያዥ ነው። ጣቶቿ የጽሕፈት መኪናው ላይ ሲወርዱ ዓይን አይከተላቸውም፤ ድምፁ ብቻ ነው የሚሰማው። «እናንተ፣ ይቺ ልጅ መብረቅ ናት እንጂ ታይፒስት አይደለችም!» አለ፤ በዚያው ጸደቀ። እሷም ወደደችው። ከዚያ ወዲህ በስሟ ሲጠሯት ሌላ ሰው የተጠራ እየመሰላት ወደ ኋላዋ ዞር ትላለች።

ፍርድ ቤት የገባችው በሃያ ሁለት ዓመቷ ነው። አራት ዓመት ሙሉ፣ ከጠዋት እስከ ማታ የጻፈችው ጠብ ነው። ከሳሽ እንዲህ አለ፣ ተከሳሽ እንዲህ ሲል መለሰ። ወንድማማቾች በአንድ የግቢ ግድግዳ ይካሰሳሉ፤ ባልና ሚስት በአንድ ቁም ሣጥን ይሟገታሉ፤ ሠላሳ ዓመት ተጎራብተው የኖሩ ሁለት አሮጊቶች በአንዲት ዶሮ ሰበብ ተሰዳድበው ይመጣሉ። ይህ ሁሉ በጣቶቿ በኩል ያልፋል። ሲያልፍ ደግሞ ዝም ብሎ አላለፈም፤ የሆነ ነገር ውስጧ ላይ ጥሎ ነው። አንድ ቀን እናቷ «ዛሬ ደግሞ አመሸሽ» ቢሏት «በምን ማስረጃ?» ብላ መለሰች። እናቷ በሳቅ ፈነዱ። ሳቃቸውን ሲጨርሱ ግን ፊታቸው ጠቆር አለ።

«ልጄ፣ ሌላ ሥራ ፈልጊ። እዚያ ቤት ትንሽ ከቆየሽ እኔንም መክሰስሽ አይቀርም።»

ፈለገች። የመዝገበ ቃላት ዝግጅት ክፍል ጸሐፊው ጡረታ ወጥቶበት ፈጣን ታይፒስት ያፈላልግ ነበር። ተፈተነች፤ ፈታኙ ሰዓቱን አይቶ ቀና ሳይል ገጹን ጨርሳ እጇን አጣምራ ተቀምጣለች። በሳምንቱ ተዛወረች።

ቢሮው አሮጌ ሕንፃ ላይ፣ ሦስተኛ ፎቅ ነው። ደረጃውን እያለከለከ የጨረሰ ሰው ረጅም ኮሪደር ያገኛል፤ በኮሪደሩ ግራና ቀኝ ፊት ለፊት የሚተያዩ ሁለት ክፍሎች አሉ። የእሷ ጠረጴዛ በሁለቱ በሮች መካከል፣ ከመስኮቱ ሥር ተቀመጠ። ግድግዳውን ተከትሎ ከወለሉ እስከ ትከሻዋ የሚደርስ የእንጨት መሳቢያ ተደርድሯል። መሳቢያው ሁሉ ካርድ ነው፤ በእያንዳንዱ ካርድ ላይ አንድ ቃል አለ። ቦታው ሙጫ ሙጫ፣ አሮጌ ወረቀት አሮጌ ወረቀት ይላል። ዛሬ ሰባ ዓመት ሊሞላት ጥቂት በቀራት ጊዜ እንኳ፣ የልጅ ልጆቿ አዲስ የትምህርት ቤት መጽሐፍ ገልጠው ሲያሸቱ ያ ኮሪደር ሽው ይላታል። የያዘችውን ሥራ ትረሳና እጇን ጭኗ ላይ አድርጋ ትቀራለች። ልጇ «እማዬ፣ ደግሞ ሄድሽ?» ትላታለች። እውነትም ሄዳለች።

በቀኝ በኩል ያለው ክፍል የዋናው አዘጋጅ ነበር። ቀጭን፣ ረጅም፣ ድምፃቸው ዝቅ ያለ ሰው ናቸው፤ ሁለት መነጽር ነበራቸው፣ አንዱ አፍንጫቸው ላይ፣ አንዱ ግንባራቸው ላይ። ሁለቱንም አድርገው መነጽራቸውን የሚፈልጉበት ቀን አለ። በግራ በኩል ምክትል አዘጋጁ ተቀምጠዋል፤ ደልደል ያሉ፣ ሳላቸው ከደረጃው ሥር የሚሰማ፣ ሙቀት ሆነ ብርድ አንድ ቡናማ ካፖርት የማያወልቁ። የጽዳት ሠራተኛዋ እትዬ ነበሩ «ጋሼ መነጽር» እና «ጋሼ ካፖርት» ብለው የሰየሟቸው። ፊት ለፊታቸው ማንም አይላቸውም፤ ሁለቱም ግን ያውቁታል።

ነገሩ የገባት በሦስተኛው ቀን ነው። ጋሼ መነጽር አንድ ካርድ ሰጧት፤ ከግርጌው «ለክቡር ምክትል አዘጋጅ፤ ቢመለከቱት» ይላል። ስድስት እርምጃ ሄዳ ሰጠች። ጋሼ ካፖርት አዩና «ለክቡር ዋና አዘጋጅ፤ ተመልክቼዋለሁ፤ አልስማማም» ብለው ጻፉበት። ስድስት እርምጃ ተመለሰች። እስከ ምሳ ሰዓት አሥራ አራት ጊዜ ተመላለሰች። በመጨረሻ ትዕግሥቷ አለቀ።

«ጋሼ፣ እዚህ ማዶ እኮ ነው ያሉት። ልጥራልዎት?»

ጋሼ መነጽር በሁለቱም መነጽር አዩዋት። «ወረቀት አለቀ?»

«ኧረ አላለቀም።»

«እንግዲያው ምን ያስጠራናል?»

ምሳ ሰዓት ላይ እትዬ ጥግ ይዘው ሻይ ሲያፈሉ አጠገባቸው ሄዳ ቆመች። እትዬ ያኔ አርባ ዓመት ቢሆናቸው ነው፤ አፋቸው አያርፍም፣ እጃቸውም አያርፍም። ጠጋ አሏት።

«አሥራ አንድ ዓመታቸው» አሉ በሹክሹክታ። «ቃል አይለዋወጡም። ቃል እየሠሩ ቃል አይለዋወጡም፤ ጉድ እኮ ነው!»

«በምን ተጣሉ?»

«አብሮ አደግ ናቸው። አንድ ሰፈር አድገው፣ አንድ ዴስክ ላይ ተምረው፣ አንድ ቀን ሥራ የገቡ። የጋሼ ካፖርት ሚስት ስትሞት ያኛው ሳይመጡ ቀሩ። ለቀብሩም፣ ከቀብሩም በኋላ። ቃል ለመሰብሰብ ወደ ገጠር ወጥተው ነበር ይባላል። ይሁን፤ ሲመለሱስ? አልሄዱም። አልቅሰው አላጽናኑም። ከዚያ ወዲያ ዓይንና ናጫ ሆነው ቀሩ።»

«ታዲያ ለምን አንዱ ሌላ መሥሪያ ቤት አይሄድም?»

እትዬ የሻይ ማንኪያውን አወዛወዙ። «አንደኛው ሌላኛው ከሌለ መሥራት አይችልማ! ጋሼ መነጽር የድሮ መጽሐፍ ውስጥ ያለውን ቃል ሁሉ ያውቃሉ። ጋሼ ካፖርት ደግሞ ጆሮ ናቸው፤ አውቶቡስ ላይ፣ ገበያ ላይ ሰው ያለውን አንድም አይስቱ። ግማሽና ግማሽ ናቸው፤ ምን ይሁኑ?»

መብረቅ ሻይዋን ይዛ ወደ ጠረጴዛዋ ተመለሰች። አራት ዓመት ሙሉ የሰው ጠብ ስትጽፍ ኖራ አምልጣ የመጣችው ሌላ ችሎት ውስጥ ነው፤ ያውም ዳኛ የሌለው፣ ፍርድ የማይሰጥበት ችሎት። አንዳንድ ጊዜ ሁለቱ ደረጃው ላይ ይገናኛሉ። ያኔ ጋሼ ካፖርት ግድግዳ ላይ የተሰቀለውን የእሳት ማጥፊያ መመሪያ ማንበብ ይጀምራሉ። ያን መመሪያ ስንት ሺህ ጊዜ አንብበውታል!

ሁለት ዓመት በዚህ ሁኔታ አለፈ። ከዚያ ከበላይ ደብዳቤ መጣ። ዋናው መዝገበ ቃላት እስኪያልቅ ትምህርት ቤቶች በየርዕሱ የተሰናዱ ትንንሽ የቃላት መጻሕፍት ይፈልጋሉ፤ የመጀመሪያው በሦስት ወር ውስጥ ይድረስ፤ ርዕሱም ሰው ከሰው ጋር ስለሚኖረው ወዳጅነት፣ ተግባቢነትና መልካም አብሮነት የሚነገሩ ቃላት ይሁን ይላል። ደብዳቤውን ለሁለቱም ያነበበችው እሷ ነች፤ መጀመሪያ በቀኝ፣ ቀጥሎ በግራ። ጋሼ መነጽር ሰምተው መነጽራቸውን ይጠርጉ ጀመር። ጋሼ ካፖርት ሰምተው ሳሉ። እትዬ ግን ኮሪደሩ ላይ መጥረጊያቸውን አቅፈው በሳቅ ተንፈራፈሩ።

ካርዶቹ መመላለስ ጀመሩ። «ባልደረባ» ያለ ችግር አለፈ። «ጎረቤት»ም አለፈ። «ጓደኛ» እና «ባልንጀራ» ልዩነታቸው ምን እንደሆነ ለመስማማት አንድ ሳምንት ፈጀ። ጋሼ መነጽር ባልንጀራ ይበልጣል ይላሉ፤ ጋሼ ካፖርት ደግሞ «በመጽሐፍ ይበልጥ ይሆናል፤ በሰው አፍ ግን ጓደኛ የሚሉት ምስጢራቸውን ሁሉ የሚነግሩትን ነው» ብለው ይመልሳሉ። መብረቅ ስድስት እርምጃ ትሄዳለች፤ ስድስት እርምጃ ትመለሳለች። ጫማዋ በዚያ ወር አለቀ።

«ወዳጅ» የሚለው ቃል ላይ ሲደርሱ ግን ነገሩ ቆመ። ጋሼ ካፖርት እንዲህ ብለው ጻፉ፦ «ወዳጅ፦ በመከራ ቀን የማይጠፋ ሰው።» ካርዱን ወስዳ ለጋሼ መነጽር ስትሰጥ አነበቡት። ደግመው አነበቡት። ጠረጴዛው ጥግ ላይ አስቀመጡትና ስምንት ቀን ነገሬ አላሉትም። ያልፈረሙበት ካርድ ደግሞ አያልፍም። ሦስቱ ወር እየገሰገሰ ነው፤ ሥራው ግን ባለበት ቆሟል።

ያኔ ነው መብረቅ ራሷም በኋላ ስታስበው «ምን ነካኝ?» የምትለውን ነገር የጀመረችው። ጽሑፍ ሲጠፋ እጇ ይበላታል፤ ዝም ብላ መቀመጥ አልፈጠረባትም። እናቷ በሚኖሩበት ግቢ ስድስት ቤተሰብ ነበር። ማታ ማታ ሰው በረንዳ ላይ ወጥቶ ሲጫወት ጆሮዋን መጣል ጀመረች። ልብስ ሰፊው ስለ አንድ ደንበኛው «ፊቱ ገና ከደጅ ያበራል» ሲል ሰማች። ነርሷ ስለ ጎረቤቷ «ከእሷ ጋር እኮ ሌላ ቤት አለኝ ማለት ነው፤ ቤተኛ ነኝ» አለች። የሾፌሩ ሚስት ስለ ባሏ ስታማ እንኳ «ምን ዋጋ አለው፣ ሰው አይጠግብም፤ መንገድ ላይ ሰላምታ ሲሰጥ ይመሽበታል» ትላለች። ሆደ ሰፊ፣ ሳቂታ፣ ገራገር፣ ጨዋታ አዋቂ፣ ደጁ የማይዘጋ፣ ሳቁ የሚጋባ። አውቶቡስ ስትጠብቅም ትሰማለች፤ ዳቦ ቤት ተሰልፋም ትሰማለች። ከዚህ ሁሉ ዓመት በኋላ ሰው እርስ በርሱ ምን ያህል በደግ እንደሚነጋገር ገና አዲስ የሰማች መሰላት።

በነጋታው ቢሮ ገብታ ቃሎቹን በጽሕፈት መኪናዋ በካርድ ላይ ጻፈቻቸው፤ ፍቺ ሰጠች፣ የሰማችውን አረፍተ ነገር ምሳሌ አድርጋ ጨመረች። የጻፈው ማን እንደሆነ የሚገልጸውን ቦታ ባዶ ተወችው። ከዚያ ዓይኗን በጨው አጥባ ከሌሎቹ ካርዶች መካከል ሰገሰገቻቸው።

በር ላይ ቆማ ጠበቀች። ጋሼ መነጽር ያነባሉ። «ሰው አይጠግብም» የሚለው ላይ ሲደርሱ ፈገግ አሉ፤ ሁለት ዓመት ስትሠራ ጥርሳቸውን ስታይ የመጀመሪያዋ ነው። «ይህ ሰውዬ» አሉ ለራሳቸው፣ «አሁንም ጆሮው አልደነዘዘም።» ፈረሙበት። ማዶ ደግሞ ጋሼ ካፖርት «ሆደ ሰፊ» የሚለውን አይተው «እንዴት አድርጎ ነው የተረጎመው በል! መጽሐፍ ውስጥ ተቀብሮ የቀረ መስሎኝ ነበር» አሉና ፈረሙበት። አንደኛው የሌላኛው ነው ብሎ ያስባል! መብረቅ ወደ ጠረጴዛዋ ተመልሳ አፏን በሁለት እጇ ያዘች።

እንደዚህ ሆኖ አርባ የሚያህሉ ካርዶች አለፉ። የካርዱም ቋንቋ እየለሰለሰ መጣ። «አልስማማም» ይባል የነበረው «እስቲ ቢያስቡበት» ሆነ። «ክቡር» ቀረ። አንድ ቀን ጋሼ ካፖርት «ጥሩ ነው» ብለው ጻፉ፤ እትዬ ሲሰሙ ካርዱን ካላየሁ ብለው ተሟገቱ፤ ማንበብ ባይችሉም።

አንድ ማለዳ መብረቅ አንዲት ቃል ይዛ መጣች። እናቷ ስለ ሁለት የሰፈር ልጃገረዶች ሲያወሩ የተናገሯት ናት። አይለያዩም፤ አንዷ ስትስቅ ሌላዋ ሳቁን ትጨርሳለች፤ አንዷ ስትታመም ሌላዋ ትተኛለች። «እነዚያ ባለ አንድ ሳንባዎች» አሏቸው እናቷ። በካርድ ላይ አሰፈረቻት፦ «ባለ አንድ ሳንባ፦ የማይለያዩ፣ እንደ አንድ ሰው የሚተነፍሱ ጓደኛሞች።» ለጋሼ መነጽር ሰጥታ ወጣች።

ግማሽ ሰዓት ሆነ፤ አልጠሯትም። አንድ ሰዓት ሆነ። በሩን ገፋ አድርጋ ስታይ ጋሼ መነጽር ሁለቱንም መነጽር አውልቀው ካርዱን ዓይናቸው ሥር አስጠግተው ይዘዋል። ሳያዩዋት ብዕር አነሡና ጻፉ፤ ካርዱን ዘረጉላት። «ውሰጂለት» አሉ። እስከዚያ ቀን «ለምክትሉ ስጪልኝ» ነበር የሚሉት።

ኮሪደሩ ላይ ቆማ አነበበችው። እንዲህ ይላል፦ «እማማ እንዲህ ነበር የሚጠሩን። እኔ ረስቼው ነበር። ጥሩ አስታወስክ።»

አስታወስክ! አሥራ ሦስት ዓመት ሙሉ በእነዚያ ካርዶች ላይ ከ«እርስዎ» በቀር ተጽፎ አያውቅም፤ አሁን ግን ያቺ አንዲት «ክ» ቃሉ ጫፍ ላይ ተቀምጣለች። እሷ ከእናቷ የሰማችውን ቃል እማማ የተባሉት የጋሼ ካፖርት እናት ለእነዚህ ሁለት ሰዎች በልጅነታቸው ይሉት ኖሯል። ምን ታድርግ? ካርዱን ብትቀድደው ውሸት፤ ብትሰጠውም ውሸት። ስድስቱ እርምጃ እንደዚያ ቀን ረዝሞባት አያውቅም።

ጋሼ ካፖርት አነበቡ። ሳሉ። እንደገና አነበቡ።

«ይህን ቃል ማን ነው የጻፈው?»

ዓይኗን ወደ ወለሉ ጣለች።

«ልጄ፣ አንቺን ነው። እሱ እኔ የጻፍኩት መስሎታል። እኔ አልጻፍኩም። ይህን ቃል ከእሱና ከእኔ በቀር በሕይወት ያለ ሰው አያውቀውም።»

«እኔ ነኝ ጋሼ» አለች። «ከእናቴ ነው የሰማሁት። ሌሎቹንም... አርባውንም እኔ ነኝ። ያባርሩኝ፤ ግን ለክፋት አልነበረም።»

ጋሼ ካፖርት አልተቆጡም። ቢቆጡ ይሻላት ነበር። ካርዱን የካፖርታቸው የውስጥ ኪስ ውስጥ ከተቱና «ሂጂ» አሏት። ሦስት ቀን ካርዱ ከዚያ ኪስ አልወጣም። ማዶ ጋሼ መነጽር በር በሩን እያዩ መልስ ይጠብቃሉ። የአንድ ሰው ዓይን ሦስት ቀን ሙሉ በር ላይ ሲንከራተት ማየት ምን ያህል አንጀት እንደሚበላ ያየ ያውቀዋል። በሦስተኛው ቀን መብረቅ አልቻለችም፤ ገብታ ሁሉንም ዘረገፈችላቸው።

ጋሼ መነጽር ቁጭ ብለው ሰሟት። ስትጨርስ መነጽራቸውን እየጠረጉ «እንግዲያው እሱ አልጻፈልኝም» አሉ። ይህን ያሉበትን ድምፅ እስከ ዛሬ አልረሳችውም።

«አልጻፉም ጋሼ። ግን አልጣሉትም። ኪሳቸው ውስጥ ነው ያለው።»

«ከገጠር የተመለስኩት እሷ በተቀበረች በአሥረኛው ቀን ነው» አሉ ጋሼ መነጽር፤ ለእሷ ይሁን ለመስኮቱ አይታወቅም። «ቀጥታ ወደ ቤቱ ሄድኩ። በሩ ድረስ። ላንኳኳ እጄን ሳነሣ ሳሉ ተሰማኝ። ብቻውን ነበር። ለቀስተኛው ሁሉ ተበትኗል። ምን ልለው? ነገ እመጣለሁ ብዬ ተመለስኩ። በነጋታው አፈርኩ። በሳምንቱ ይበልጥ አፈርኩ። እንዲህ ነው የሆነው፤ ሌላ ምንም የለውም።» ቀና አሉ። ብዕራቸውን አነሡ። «ይህን ልጻፍለትና ውሰጂለት።»

መብረቅ እጇን ወደ ኋላዋ ደበቀች።

«አልወስድም ጋሼ።»

«ምን አልሽ?»

«ሌላውን ሁሉ እወስዳለሁ። ይህን ግን በካርድ አልወስድም። ስድስት እርምጃ ነው፤ ቆጥሬዋለሁ።»

እሷ እንዲህ የምትደፍር ልጅ አልነበረችም። ጋሼ መነጽር ብዕራቸውን አስቀመጡ። ከዚያ ተነሡ፤ የኮታቸውን ቁልፍ ቆለፉ፤ ግንባራቸው ላይ ያለውን መነጽር አወረዱ፤ መልሰው ሰቀሉት። ወጡ። እትዬ ኮሪደሩን እያጠቡ ነበር፤ ሲያዩዋቸው ባልዲያቸውን ይዘው ግድግዳ ላይ ተለጠፉ። ጋሼ መነጽር እርጥቡን ወለል እየረገጡ ስድስት እርምጃቸውን ሄዱና የግራውን በር ሳያንኳኩ ገቡ።

በሩ ገርበብ ብሎ ቀረ። ሁለቱ ሴቶች ወደ በሩ ተጠጉ።

«መጥቻለሁ» አሉ ጋሼ መነጽር።

«አይቻለሁ» አሉ ጋሼ ካፖርት።

ወንበር ተጎተተ። ጋሼ መነጽር ስለ አሥረኛው ቀን፣ ስለ በሩ፣ ስለ ሳሉ ተናገሩ። ገና ሳይጨርሱ የጋሼ ካፖርት ድምፅ ኮሪደሩን አናጋው።

«በር ላይ ቆመህ ተመለስክ? በር ላይ! የት አገር ነው አሥራ ሦስት ዓመት የሚፈጅ ነገ ያለው?»

«አላውቅም። አፈርኩ። እየቆየሁ በሄድኩ ቁጥር ማፈሬ ራሱ ያሳፍረኝ ጀመር።»

«እኔ እኮ በቀብሩ መቅረትህን ይቅር ብዬህ ነበር! መንገድ ላይ መሆንህን አውቃለሁ። እኔ የፈለግኩህ ከዚያ በኋላ ነው። ሰው ሁሉ መጥቶ አይዞህ አለኝ። አንዳቸውም ግን እሷን በልጅነቷ አያውቋትም። ከዛፍ ላይ ወድቃ ጥርሷ የተሰበረ ጊዜ የነበርነው እኔና አንተ ነን። ከማን ጋር ልሳቅባት? ከማን ጋር ላስታውሳት? እሷን ብቻ አይደለም የቀበርኩት፤ ጨዋታዋንም ጭምር ነው።»

ከዚህ በኋላ የተሰማው ድምፅ የሁለት ትልልቅ ሰዎች አፍንጫ ሲናፈጥ ነው። እትዬ እንባቸውን በመጥረጊያ ጨርቃቸው ጠረጉ፤ ፊታቸው ሳሙና በሳሙና ሆነ። መብረቅ ደግሞ ታለቅስ ይሁን ትስቅ አልታወቃትም።

ከዚያ የጋሼ መነጽር ለስላሳ ድምፅ መጣ።

«ያቺ የወዳጅ ፍቺህ ግን ተሳስታለች።»

«የቷ?»

«በመከራ ቀን የማይጠፋ ያልካት። አልፈርምባትም። እኔ ጠፍቻለሁ፤ ወዳጅህ ግን ነበርኩ።»

«የጠፋ ሰው እንዴት ወዳጅ ይባላል?»

«ታዲያ ጠላት ነበርኩ?»

«ጠላትማ አልነበርክም!»

«እንግዲያው ፍቺው ይታረም!»

ያን ቀን እስከ ሥራ መውጫ ሰዓት ተከራከሩ። ድምፃቸው ከፍ ይላል፣ ዝቅ ይላል፤ መሀል ላይ ሳቅ ይሰማል፤ እንደገና «ኧረ ተወኝ!» ይባላል። እትዬ ሁለት ጊዜ ሻይ አስገቡ፤ ሁለት ብርጭቆ ወደ አንድ ክፍል። በመጨረሻ መብረቅ ተጠራች። ጋሼ ካፖርት ካርዱን ዘረጉላት፤ ከሥሩ ሁለት ፊርማ አለበት። ከዚያ ሁሉ ጩኸት በኋላ የተስማሙት እንዲህ በሚለው ነው፦ «ወዳጅ፦ የሚወድና የሚወደድ ሰው።»

«ይኸው ነው?» አለች ሳታስበው።

«ይኸው ነው» አሉ ጋሼ መነጽር። «ሌላው ዝርዝር ነው።»

መጽሐፏ ቀኗን ሳታሳልፍ ወጣች፤ ስስ፣ ቢጫ ሽፋን ያላት። «ባለ አንድ ሳንባ» ሠላሳ አንደኛው ገጽ ላይ ናት። ከታተመች በኋላ ጋሼ መነጽር ጠረጴዛቸውን ወደ ግራው ክፍል ለማዛወር ወሰኑ። ጠረጴዛው በሩ ላይ ተሰንቅሮ ለሁለት ሰዓት አልወጣ፣ አልገባ አለ፤ እትዬ ከኮሪደሩ «ወደ ቀኝ! ኧረ ወደ ቀኝ አልኩ! ቀኝ ምን እንደሆነ መዝገበ ቃላት ላይ እዩ!» እያሉ ይመሩ ነበር።

ከዚያ በኋላ የነበሩት አራት ዓመታት በሕይወቷ ውስጥ ያሉ ምርጥ ዓመታት እንደነበሩ መብረቅ ሳትሸሽግ ትናገራለች፤ ባሏ በሕይወት ሳለ ፊቱ ላይ ትናገር ነበር፤ እሱም ይስቃል። ያገባችውም በዚያው ዘመን ነው። የሠርጓን የጥሪ ወረቀት ጽሑፍ ሁለቱ አዘጋጆች ካላረምን ብለው ወሰዱባት፤ «በደስታችን ይካፈሉ» ይሁን ወይስ «ደስታችንን ይካፈሉ» በሚለው ሲከራከሩ ሠርጉ ሊያልፍ ምንም አልቀረው። ምሳ አራቱ አብረው ይበላሉ። ጋሼ ካፖርት የሚስታቸውን ጨዋታ ያመጣሉ፤ ጋሼ መነጽር የጎደለውን ይሞላሉ። ያላዩዋትን ሴት እሷና እትዬ እንደ እህት ያህል አወቋት። ካርድ አዝላ መመላለሱ ስለቀረላት የመብረቅ እግር አረፈ፤ ጆሮዋ ግን ሥራ በዛበት። «ዛሬ ምን ሰማሽ?» ይሏታል ገና ስትገባ።

ከዚያ ክፍሉ ከሌላ መሥሪያ ቤት ጋር ይቀላቀል ተባለ። ካርዶቹ ሣጥን ውስጥ ገብተው በጭነት መኪና ሄዱ። ትልቁ መዝገበ ቃላት «መ» ላይ እንዳለ ቀረ። ጋሼ ካፖርት ጡረታ ወጥተው ልጃቸው ወዳለበት ሩቅ ከተማ ሄዱ፤ ጋሼ መነጽር ዓይናቸው እየደከመ ቢመጣም ከወዳጃቸው የሚመጣላቸውን ደብዳቤ ለማንም አያስነብቡም ነበር፤ መብረቅ ስትጠይቃቸው ትሄድና ከትራሳቸው ሥር ክምሩን ታያለች። ሁለቱም ካረፉ ብዙ ዘመን ሆነ። እሷ አንድ ትምህርት ቤት ጸሐፊ ሆና ጡረታ ወጣች። የትምህርት ቤቱ ሰዎች ጥሩ ነበሩ፤ አልከፋችባቸውም፣ አልከፉባትም። ግን ሌላ ቦታ ነው።

ከዚያ ኮሪደር ዛሬ የቀሩት እሷና እትዬ ናቸው። እትዬ ሰማንያ አራት ዓመታቸው ነው፤ ጆሯቸው ከብዷል። ቅዳሜ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ በስልክ ይገናኛሉ። እትዬ አይሰሙምና መብረቅ ትጮኻለች፤ መብረቅ ስትጮህ እትዬ የተቆጣችባቸው እየመሰላቸው እሳቸውም ይጮኻሉ። ልጇ መስኮቱን ሁሉ ትዘጋለች። አዲስ የገባው የላይኛው ፎቅ ጎረቤት አንድ ቅዳሜ በሩን አንኳኩቶ «እናት፣ ደህና ናችሁ? ጠብ መሰለኝ» ብሎ ጠየቀ።

«ጠብ አይደለም ልጄ» አለችው መብረቅ ስልኩን በእጇ ከድና። «ግባ፣ ቁጭ በል፤ ሻይ አለ። እኚህን ሴትዮ ልጨርስና እነግርሃለሁ።»

ጎረቤቱ ገብቶ ተቀመጠ። እትዬ ከወዲያ «ማነው እሱ? ማን መጣ?» እያሉ ይጮኻሉ።